ከክሩ ጫፍ ወደ እጀታው፦ የባስ ማጥመጃ ዘንግ፣ ሪልና ክር አመራረጥ

በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች፣ ወንዞችና የግድብ ውሃዎች ለመዝናኛ ከሚጠመዱት ዓሣዎች መካከል እንደ ባስ ብዙ ወዳጅ ያፈራ፣ ብዙ መሣሪያም የተሠራለት ዓሣ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ስም ከሚጠሩት ዝርያዎች በአጥማጆች ዘንድ ይበልጥ የታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው ላርጅማውዝ የሚባለው አፈ ሰፊ ባስ ሲሆን፣ የላይኛው መንጋጋው ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ የሚዘልቅ፣ ረጋ ያለና የውሃ ውስጥ ሣር የበዛበትን ስፍራ የሚወድ ዓሣ ነው፤ ሁለተኛው ስሞልማውዝ የሚባለው አፈ ጠባብ ባስ ሲሆን፣ ቀዝቀዝና ጠራ ያለ፣ ወለሉም ድንጋያማ የሆነ ውሃን ይመርጣል። ሁለቱም አድፍጠው የሚያድኑ ሥጋ በል ዓሣዎች በመሆናቸው ትናንሽ ዓሣዎችን፣ እንቁራሪቶችንና ክሬይፊሽ የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የውሃ እንስሳ ያሳድዳሉ፤ አጥማጁም በአብዛኛው የሚጥልላቸው እውነተኛ ምግብ ሳይሆን የእነዚህን መልክና እንቅስቃሴ የሚመስል ሰው ሠራሽ ማባበያ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ኑሯቸውን በመሠረቱበት በዋሺንግተን ዲሲና በአጎራባቾቹ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል የሚፈሰው የፖቶማክ ወንዝ ሁለቱንም የባስ ዓይነቶች አቅፎ የያዘ ውሃ ነው። ግሬት ፎልስ ከተባለው ፏፏቴ በላይ ያለው የወንዙ ክፍል በድንጋይ መካከል እየተሹለከለከ የሚወርድ በመሆኑ አፈ ጠባቡ ባስ ይበዛበታል፤ ይህ ዓሣ የወንዙ ተወላጅ ሳይሆን በ1854 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ ተይዞ፣ በባቡር የውሃ ጋን ተጓጉዞ ከምበርላንድ ከተማ አጠገብ የተለቀቀ ነው። ከዋና ከተማዪቱ በታች ያለው ክፍል ደግሞ የባሕር ውሃ ሙላትና ጉድለት በየቀኑ ሁለት ጊዜ አንድ ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሰፊ ውሃ ሲሆን፣ ሃይድሪላ የተባለው መጤ የውሃ ሣር በ1982 ከታየበት ጊዜ ወዲህ ሰፋፊ የሣር መስኮች የተንሰራፉበት የአፈ ሰፊው ባስ መኖሪያ ነው። በአንድ ወንዝ ላይ ይህን ያህል የተለያየ ውሃ መገኘቱ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መልካም ማሳያ ይሆናል፤ ከፏፏቴው በላይ በትክክል የሠራ ዘንግና ክር ከከተማዪቱ በታች ባለው ሣር ውስጥ ፈጽሞ ላይረባ ይችላልና።

ጀማሪ አጥማጅ ወደ መሣሪያ መደብር ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዘንጉ ነው፤ ቀጥሎ ሪል፣ ማለትም ክሩን የሚጠቀልለውንና የሚለቀውን መሣሪያ ይመርጣል፤ በመጨረሻ በተረፈው ገንዘብ ያገኘውን ክር ይገዛል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘንግ፣ ሪልና ክር ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ቢመስሉም አንድን ማባበያ ወደ አንድ ቦታ ወርውሮ፣ የነከሰውን ዓሣ ከዚያ ቦታ ለማውጣት አብረው የሚሠሩ የአንድ መሣሪያ ክፍሎች ናቸው፤ ስለዚህ ምርጫው ዓሣው ከተደበቀበት ቦታና ወደዚያ ከሚላከው ማባበያ ክብደት ተነሥቶ፣ በክሩ በኩል አልፎ፣ ወደ ዘንጉና ወደ ሪሉ መድረስ ይገባዋል።

ባስ እንዴት እንደሚነክስ መረዳት ለዚህ ሁሉ መነሻ ነው። ባስ ምግቡን የሚይዘው በአብዛኛው በጥርሱ ነክሶ ሳይሆን አፉን በድንገት ከፍቶ ውሃውን ከነምግቡ ወደ ውስጥ በመሳብ ነው፤ የገባው ነገር ምግብ አለመሆኑን ካወቀም ወዲያው መልሶ ይተፋዋል። በእነዚህ ሁለት ድርጊቶች መካከል ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ አጥማጁ ንክሻውን ሊያውቅ የሚችለው ክሩ ድንጋጤውን ሳያለዝብ ካስተላለፈለትና ዘንጉም እስከ መዳፉ ካደረሰለት ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ የባስ መንጋጋ ጠንካራ ነው፤ መንጠቆውን እዚያ ውስጥ ለመስካት ጉልበት ያስፈልጋል። ከከንፈሩ አጠገብ ያለው ስስ ሥጋ ደግሞ በኃይል ከተጎተተ ይቀደዳል። የመሣሪያ ምርጫ ፈተና እነዚህን ሁለት ተጻራሪ ፍላጎቶች ማስታረቅ ነው።

ክር ከሦስቱ ዕቃዎች ርካሹ፣ ቶሎ የሚያረጀውና በጀማሪዎች ዘንድ እጅግ የሚናቀው ነው፤ ሆኖም ስለ እርሱ ከሌሎቹ ይልቅ ሰፋ አድርጎ መናገር ተገቢ ነው። በቀድሞው ዘመን አጥማጆች ይጠቀሙበት የነበረው የሐርና የተልባ እግር ክር በየጊዜው ካልደረቀ የሚበሰብስ ነበር። በ1935 ዋላስ ካሮተርስ የተባለው ኬሚስት በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ናይለንን ከፈጠረ በኋላ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ገደማ አንድ ወጥ የናይለን ክር ለዓሣ አጥማጆች ቀረበ፤ እስከ ዛሬም ሞኖፊላመንት፣ በአጭሩ ሞኖ፣ እየተባለ የሚሸጠው ይኸው ነው። ናይለን ለስላሳና ለመቋጠር የቀለለ፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው፤ ሲጎተት በጉልህ ይለጠጣል፤ ውሃ ስለሚመጥም እርጥብ ሲሆን ጥንካሬው በመጠኑ ይቀንሳል። መለጠጡ እንደ አሠራሩ ጉዳትም ጥቅምም አለው። ረጅም ርቀት ላይ ቀላል ንክሻን ያደነዝዛል፤ ነገር ግን ዓሣው በጀልባው አጠገብ በድንገት ሲፈናጠር ድንጋጤውን ውጦ መንጠቆው እንዳይነቀልና ክሩ እንዳይበጠስ ያደርጋል። የፀሐይ ብርሃንና ሙቀት ስለሚያደክሙት፣ በሪሉ ላይ በሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ሲከርምም የጥምዝምዙን ቅርጽ ስለሚይዝ በየጊዜው መለወጥ አለበት።

ሁለተኛው ዓይነት ፍሎሮካርቦን ሲሆን፣ ለዓሣ ማጥመጃነት የዋለው በጃፓኑ ኩሬሃ ኩባንያ አማካይነት በ1971 ነው። ይህ ክር በውሃ ውስጥ አይታይም እየተባለ ይወራል፤ ይህ ግን የተጋነነ ነው። እውነቱ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.42 ገደማ በመሆኑና የውሃውም 1.33 ስለሆነ፣ ከ1.5 በላይ ከሆነው ናይለን ይልቅ ለውሃ የቀረበና በዚያው ልክ ለዓሣው ዓይን የደበዘዘ መሆኑ ነው። ለብዙ አጥማጆች ከታይታው ይልቅ የሚጠቅማቸው ሌላው ጠባዩ ነው፤ ክብደቱ ከእኩል መጠን ውሃ በ1.8 እጥፍ ስለሚጠጋ ይሰጥማል፣ ውሃ አይመጥም፣ በድንጋይም ሲታሽ በቀላሉ አይቆስልም። ስለዚህ ወለል ለወለል ለሚጎተት ማባበያ ተመራጭ ነው። በአንጻሩ በውሃው ፊት ላይ ለሚንሳፈፍ ማባበያ አይስማማም፤ ሲሰጥም የማባበያውን አፍንጫ ወደ ታች እየሳበ እንቅስቃሴውን ያበላሽበታልና። ከናይለን ይልቅ ደረቅ ስለሆነ ደግሞ ወፈር ያለው ፍሎሮካርቦን በትናንሽ ሪሎች ላይ እየተፈናጠረ ያስቸግራል።

ሦስተኛው በልዩ አሠራር እጅግ ከጠነከረ ፖሊኢትሊን የተሠሩ በርካታ ቀጫጭን ፈትሎች ተጎንጉነው የሚሠራው ብሬድ የተባለው ክር ነው፤ በአጥማጆች እጅ የተስፋፋውም ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። ፈጽሞ አይለጠጥም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የማይሳብ በመሆኑ የሩቁን ንክሻ ጥርት አድርጎ ያሰማል፤ ቅጥነቱም የሚያስደንቅ ነው፤ 30 ፓውንድ፣ ማለትም 13.6 ኪሎ ግራም የሚሸከም ብሬድ ውፍረቱ 8 ፓውንድ ከሚሸከም ናይለን ጋር ይቀራረባል። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ለዓመታት ያገለግላል፣ የሣር ግንድንም እየቆረጠ ያልፋል። ጉድለቱ ጠራ ባለ ውሃ ውስጥ በግልጽ መታየቱ፣ በስለታም ድንጋይና በዛጎል ላይ ሲታሽ በቀላሉ መቆረጡና ለጥብቅ ቋጠሮ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ማጠንጠኛውን በብሬድ ሞልተው ጫፉ ላይ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር የሚሆን ፍሎሮካርቦን ይቀጥሉበታል፤ ይህ የጫፍ ክር የሁለቱን መልካም ጠባይ ያጣምራል።

የክር ጥንካሬ በማሸጊያው ላይ በፓውንድ ይጻፋል፤ አንድ ፓውንድ 454 ግራም ነው። እዚህ ላይ ጀማሪውን የሚያሳስት ነገር አለ። በዓለም ላይ እስካሁን በክብረ ወሰን የተመዘገበው ትልቁ አፈ ሰፊ ባስ ጆርጅ ፔሪ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በ1932 ያጠመደው 10.09 ኪሎ ግራም ዓሣ ሲሆን፣ ማናቡ ኩሪታ በ2009 በጃፓኑ የቢዋ ሐይቅ ያጠመደው ጥቂት ግራሞች የሚበልጥ ዓሣ ልዩነቱ ደንቡ ከሚጠይቀው ስላነሰ በእኩልነት ተመዝግቧል። ተራው አጥማጅ የሚያገኘው ባስ በአብዛኛው ከሁለት ኪሎ አይበልጥም። ታዲያ 65 ፓውንድ ማለትም ወደ 30 ኪሎ የሚሸከም ክር ለምን ይሸጣል? መልሱ ክር የሚመረጠው ለዓሣው ክብደት ሳይሆን ዓሣው ለሚሸሽበት ቦታ መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ባስ መንጠቆው እንደተሰካበት ወደ ሣሩ ሥር ጠልቆ ክሩን ከጠመጠመበት አጥማጁ የሚጎትተው ዓሣውን ብቻ ሳይሆን በላዩ የተከመረውን የእርጥብ ሣር ክምር ጭምር ነው። ሣርም እንጨትም በሌለበት ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ግን ያው ዓሣ በ6 ወይም በ8 ፓውንድ ክር በቀላሉ ይወጣል፤ ወፍራም ክር በዚያ ቦታ ዓሣውን ከማስደንገጡም በላይ ቀላሉን ማባበያ እንዳይራመድ አድርጎ ይይዘዋል።

ወደ ዘንጉ ሲመጣ፣ ከእጀታው ጥቂት ከፍ ብሎ የታተመችው አጭር ጽሑፍ ከሻጩ ማብራሪያ ሁሉ ትበልጣለች። በአሜሪካ መደብር በሚገኝ ተራ የባስ ዘንግ ላይ ርዝመቱ 7 ጫማ፣ ጉልበቱ ሚዲየም ሄቪ፣ አጎባበጡ ፋስት፣ ክሩ ከ12 እስከ 20 ፓውንድ፣ ማባበያው ከ3/8 እስከ 1 አውንስ የሚል ሊነበብ ይችላል። ጉልበት ዘንጉን ለማጉበጥ የሚያስፈልገው ኃይል ሲሆን፣ ከላይት ማለትም ከቀላል ተነሥቶ በሚዲየም በኩል እስከ ሄቪ ማለትም እስከ ከባድ ይዘልቃል። አጎባበጥ ደግሞ ዘንጉ ከየት ጀምሮ እንደሚታጠፍ ይናገራል፤ ፋስት የተባለው ዘንግ ጫፉ ብቻ ጎብጦ የቀረው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሞደሬት የተባለው ግን ከመካከሉ ጀምሮ ይለመጣል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ቢምታቱም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከባድ ሆኖ ከመካከሉ የሚለመጥ ዘንግም፣ ቀላል ሆኖ ጫፉ ብቻ የሚጎብጥ ዘንግም አለ። የመጨረሻው ቁጥር፣ ማለትም የማባበያው ክብደት፣ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አንድ አውንስ 28 ግራም ገደማ በመሆኑ ከላይ የተጠቀሰው ዘንግ ከ10 እስከ 28 ግራም ለሚመዝን ማባበያ የተሠራ ነው፤ 4 ግራም የሚመዝን ነገር ቢታሰርበት ዘንጉ አይጎብጥም፣ ካልጎበጠም ኃይል አጠራቅሞ ሊወረውር አይችልም።

አጎባበጡን የሚወስነው መንጠቆው ነው። ዓሣው እንዲውጠው በፕላስቲክ ትል ውስጥ የተደበቀ አንድ ወፍራም መንጠቆ መጀመሪያ ፕላስቲኩን፣ ቀጥሎ ጠንካራውን መንጋጋ መብሳት ስላለበት ጫፉ ብቻ የሚታጠፍና ከሥሩ የጠነከረ ፋስት ዘንግ ይፈልጋል። ክራንክቤይት የተባለው፣ ሲጎተት እየተንቀጠቀጠ የሚጠልቅ የዓሣ አምሳያ ግን ከሥሩ ባለ ሦስት ጥርስ ቀጫጭን መንጠቆዎች ይዞ የሚሄድ ሲሆን፣ እነዚህ በቀላሉ ይሰካሉ፣ በቀላሉም ይነቀላሉ፤ ስለዚህ ዓሣው ሲወራጭ አብሮት የሚለመጥ ሞደሬት ዘንግ ያስፈልገዋል። የተሠራበትም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀርከሃን የተካው ፋይበር ግላስ ከበድ ያለና ለስለስ ብሎ የሚጎብጥ ነው፤ ፌንዊክ የተባለው ኩባንያ በ1973 ለገበያ ካቀረበው በኋላ የተስፋፋው የካርቦን ዘንግ ደግሞ ቀላል፣ ደረቅና ንክሻን ጥርት አድርጎ የሚያሰማ ነው። ዛሬ አብዛኛው የባስ ዘንግ ካርቦን ቢሆንም ለክራንክቤይት ፋይበር ግላስን ወይም የሁለቱን ቅይጥ የሚመርጡ ልምድ ያላቸው አጥማጆች አሁንም ጥቂት አይደሉም፤ ምርጫቸውም የናፍቆት ሳይሆን የስሌት ነው። ርዝመትን በተመለከተ 2 ሜትር ከሚጠጋው ባለ 6 ጫማ ተኩል ዘንግ እስከ ባለ 7 ጫማ ተኩል ያለው ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ረጅሙ ሩቅ ይወረውራል፣ የላላውንም ክር በአንድ ጊዜ ይሰበስባል፤ አጭሩ ደግሞ ዛፍ በተንጠለጠለበት ዳርቻ ሥር ዒላማን በትክክል ለመምታት ይመቻል።

ሪሎች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። ስፒንካስት የሚባለው፣ ክሩ በክዳን ተሸፍኖ በአንድ ቁልፍ ጭነት የሚለቀቀው፣ ለሕፃናትና ለመለማመጃ ጥሩ ከመሆኑ በቀር ለባስ እምብዛም አይመከርም። ስፒኒንግ የሚባለው በዘንጉ ሥር ተንጠልጥሎ የሚታሰር ሲሆን፣ እንግሊዛዊው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ በ1905 የፈጠራ መብቱን ባስመዘገበው ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ሲወረወር ማጠንጠኛው አይሽከረከርም፣ የልብስ ስፌት ክር ከቆመ ጥቅልል ጫፍ ላይ ተስቦ እንደሚወጣ ሁሉ ክሩ ብቻ እየተፈታ ይወጣል። የሚያሽከረክረው ከባድ ነገር ስለሌለ ጥቂት ግራም የሚመዝን ማባበያ እንኳ በቀላሉ ይወነጨፋል፣ ለጀማሪም እምብዛም አያስቸግርም። ቤይትካስቲንግ የሚባለው ከዘንጉ በላይ የሚቀመጥ ሲሆን፣ መነሻው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኬንታኪ ይኖር የነበረው ጆርጅ ስናይደር የተባለ ሰዓት ሠሪ የሠራው ባለ ጥርስ ሪል ነው። በዚህኛው ማጠንጠኛው ራሱ ከማባበያው ጋር እየተሽከረከረ ክሩን ይለቃል፤ ወፍራም ክር በሚገባ ይሸከማል፣ ዓሣን ከሣር ለመንቀል ጉልበት አለው፣ በአውራ ጣት እየተገታም ማባበያውን በታሰበው ቦታ ላይ ያሳርፋል። ነገር ግን ማባበያው በአየር ላይ ሲቀዘቅዝ ማጠንጠኛው በነበረበት ፍጥነት ከቀጠለ ክሩ ከሚወጣው በላይ ስለሚፈታ ለመፍታት የሚያታክት ውትብትብ ይፈጠራል።

ይህን ለመከላከል በቤይትካስቲንግ ሪል ላይ ሁለት መቆጣጠሪያዎች አሉ። በጎን በኩል ያለችው ትንሽ ቁልፍ ማጠንጠኛውን የምታጠብቅና የምታላላ ስትሆን፣ ማባበያው ታስሮ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ እንዲወርድና መሬት ሲነካ ማጠንጠኛው ወዲያው እንዲቆም ተደርጋ ትስተካከላለች፤ ማባበያው በተለወጠ ቁጥርም እንደገና መስተካከል አለባት። ሁለተኛው በማግኔት ወይም ከመሽከርከር በሚገኝ ኃይል የሚሠራው የመወርወሪያ ፍሬን ሲሆን፣ ለማጅ መጀመሪያ አጥብቆት እጁ ሲለምድ ቀስ በቀስ ማላላት ይኖርበታል። ልምምዱ መንጠቆ በሌለው ክብደት ሜዳ ላይ ቢደረግ የተሻለ ነው። የአውራ ጣትን ሥራ ግን የትኛውም ፍሬን ሙሉ በሙሉ አይተካውም።

በሪል ማስታወቂያ ላይ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚጻፈው የኩሽኔታው ብዛት ነው፤ ይህ ቁጥር ከሚገባው በላይ ክብር ተሰጥቶታል፤ በጥራት የተሠሩ ጥቂት ኩሽኔታዎች ከብዙ ደካሞች ይሻላሉና። ይልቁንስ መታየት ያለበት የማርሽ ምጣኔው ነው። 7 ለ 1 ማለት እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ማጠንጠኛው ሰባት ጊዜ ይዞራል ማለት ሲሆን፣ 5 ለ 1 የሆነው ቀርፋፋ ቢሆንም ጉልበት ያለው ነው። በጥልቅ የሚሄድና ውሃውን የሚገፋ ትልቅ ክራንክቤይት ለዝቅተኛው ምጣኔ ሲስማማ፣ ማባበያው በዘንጉ እየተንቀሳቀሰ ሪሉ የላላ ክር ብቻ በሚሰበስብበት በፕላስቲክ ትል አጠማመድ ከፍተኛው ይመረጣል፤ ከ6 እስከ 7 ያለው ለብዙ ሥራ ይሆናል።

ይህ ሁሉ በፖቶማክ ላይ ሲታይ እንዲህ ይሆናል። ማታዎማን ክሪክን በመሰሉ የሜሪላንድ ገባሮች የበጋው ሣር እስከ ውሃው ፊት ሲደርስ፣ በላዩ የሚንሸራተት ከጎማ የተሠራ እንቁራሪት በ50 ወይም በ65 ፓውንድ ብሬድ፣ ከ7 ጫማ በላይ በሆነ ከባድ ፋስት ዘንግና በቤይትካስቲንግ ሪል ይወረወራል፤ ዓሣው ሲነክስ ጭንቅላቱ ወደ ሣሩ ሳይዞር ወደ ላይ መነሣት አለበት፤ የጫፍ ክር እዚህ አያስፈልግም። በጀልባ ማቆሚያዎችና በድልድይ ምሰሶዎች አጠገብ ውሃው ሲጎድል ባሶቹ ከወራጁ ተከልለው ምግብ ስለሚጠብቁ ሚዲየም ሄቪ ዘንግና ከ12 እስከ 17 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን በእንጨትና በዛጎል ላይ መታሸቱን ይችለዋል። ከግሬት ፎልስ በላይ ወዳለው ድንጋያማ ውሃ ለሚሄድ ደግሞ ሚዲየም ወይም ከእርሱ ቀለል ያለ የስፒኒንግ ዘንግ፣ መጠኑ 2500 ቁጥር የሆነ ሪል፣ 10 ፓውንድ ብሬድና 8 ፓውንድ የፍሎሮካርቦን ጫፍ ለአፈ ጠባቡ ባስ ተገቢ ነው።

ለሦስቱም የሚሆን መሣሪያ በአንድ ጊዜ ለመግዛት ለማይችል ሰው የሚበጀው መጀመሪያ ባለ 7 ጫማ ሚዲየም ፋስት የስፒኒንግ ዘንግ ከ2500 ወይም ከ3000 ቁጥር ሪል ጋር ማዋሃድ ነው። ከጥቅጥቅ ሣር በቀር አብዛኛውን ቦታ ያዳርሳል። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ከዘንጉ ይልቅ በሪሉ ዋጋ ላይ መቆጠብ ይሻላል፤ ንክሻውን ወደ እጅ የሚያደርሰው ዘንጉ ነውና። በክር ላይ ግን መቆጠብ አይገባም።

መሣሪያው ከተገዛ በኋላ አጠቃቀሙ ይቀራል። ማጠንጠኛው ከከንፈሩ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪጎድል ድረስ መሞላት አለበት፤ ካነሰ ክሩ በከንፈሩ እየታሸ ሩቅ አይሄድም፣ ከበዛ በእሽግ ይፈታል። ብሬድ በለስላሳው ብረት ላይ ስለሚሾር ከሥሩ ጥቂት ዙር ናይለን ማስቀደም ያስፈልጋል። በስፒኒንግ ሪል ላይ ከወረወሩ በኋላ ክሩን የሚይዘውን የሽቦ ቅስት እጀታውን በማዞር ሳይሆን በእጅ መመለስ የክሩን መጠማዘዝ ይቀንሳል። ቋጠሮ የመሣሪያው ደካማ ቦታ ስለሆነ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ወይም በውሃ መራስ አለበት፤ በደረቁ ሲጠብቅ በመታሸት የሚፈጠረው ሙቀት በተለይ ናይለንንና ፍሎሮካርቦንን ያደክማል። ክሩ በእጥፉ በመንጠቆው ቀዳዳ አልፎ የሚታሰርበት ፓሎማር የተባለው ቋጠሮ ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ፣ በብሬድም ላይ ስለማይሾር፣ አንድ ቋጠሮ ብቻ ለሚማር ሰው ይመረጣል።

ድራግ የሚባለው ፍሬን ዓሣው በኃይል ሲጎትት ክሩ ከመበጠሱ በፊት ማጠንጠኛው እንዲለቅ የሚያደርግ ነው። የተለመደው ልክ ከክሩ የመበጠሻ አቅም ሩብ እስከ ሲሶ ሲሆን፣ 10 ፓውንድ ለሚሸከም ክር ከአንድ ኪሎ ጥቂት ከፍ ይላል፤ የክሩን ጫፍ በትንሽ የስፕሪንግ ሚዛን ላይ አስሮ በመጎተት ይለካል። በሣር ውስጥ በወፍራም ብሬድ ሲጠመድ ግን ይህ ልክ አይሠራም፤ ፍሬኑ ከሞላ ጎደል ይቆለፋል። በሌላ ጊዜ ድራግን ከመጠን በላይ ማላላት ትግሉን ያራዝማል፤ ረጅም ትግል ደግሞ በተለይ በሞቃት ውሃ ዓሣውን እስከ ሞት ሊያደክመው ይችላል። ሬይ ስኮት ያቋቋመው የባስ አጥማጆች ማኅበር ከ1972 ጀምሮ በውድድሮቹ ዓሣን በሕይወት መልሶ የመልቀቅ ልማድን ካስፋፋ ወዲህ ይህ ጉዳይ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የመሣሪያ ምርጫም ሆኗል፤ ለቦታው የሚመጥን ዘንግና ክር ዓሣውን ሳይዝል ያወጣዋል። ዓሣው በእርጥብ እጅ መያዝ፣ ከበድ ካለም ከሆዱ ሥር መደገፍ አለበት። ለምግብ ሊወስደው የሚፈልግ ሰው ደግሞ የአካባቢው የጤና ባለሥልጣን ስለ ወንዙ ዓሣ ያወጣውን የአመጋገብ ምክር አስቀድሞ ማንበብ ይገባዋል። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው አጥማጅ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም፣ በዲሲም የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የመሣሪያው እንክብካቤ ብዙ አያስቸግርም። የዘንጉን ቀለበቶች በጥጥ ጠርጎ የተሰነጠቀ ካለ ማየት፣ ሪሉን በንጹሕ ውሃ ቀስ አድርጎ አጥቦ ማድረቅ፣ ክረምቱን በሙሉም ድራጉን አላልቶ ማስቀመጥ ይበቃል። የክሩ መጀመሪያ ሜትሮች በእያንዳንዱ ጉዞ ስለሚቆስሉ በጣት እየተዳሰሱ ሻካራው ክፍል መቆረጥ አለበት፤ የተቆረጠውም ናይለን ለአእዋፍና ለኤሊዎች ወጥመድ ስለሚሆን በውሃው ዳር መጣል የለበትም። ናይለን ቢያንስ በየዓመቱ፣ ብዙ የሚሠራበት ከሆነም በየጥቂት ወሩ ይለወጣል። ብሬድ ግን ቀለሙ ቢለቅ እንኳ ጥንካሬው ስለማይሄድ ከመጣሉ በፊት ወደ ሌላ ማጠንጠኛ ተጠቅልሎ ሊገለበጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከሥር ሆኖ ውሃ ያልነካው ግማሽ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ አዲስ ክር ያገለግላል።